ማሽኑ የሚያውቃት አንዲት ቃል

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ስማችንን አልጽፍም። የኮልፌ ሰው ከሆነ የሚያውቀን ያውቀናል፤ ለማያውቀን ደግሞ ስማችን ምንም አይጨምርለትም።

አንደኛው እኔ ነኝ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ እዚህ ከሰፈረ ጀምሮ ከሰፈሩ አልወጣንም። ዕድሜዬን የወፍጮ ሞተር ስጠግን ኖርኩ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ሞተር ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ፣ ከጥገና መጽሐፍና ከመዝገበ ቃላት ለቅሜ ተማርኩት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ልጆች ሆነን አንድ ግቢ ውስጥ ስላደግን እስከ ዛሬ «አንተ» ነው የምትለኝ። ሦስተኛዋ ልጄ ናት፤ ያለችን እሷ ብቻ ናት፤ ኢንጂነር ናት። አራተኛዋ የልጄ ጓደኛ ናት። ቤቷ አስኮ ነው። ለማሽኑ ኮድ የምትጽፈው እሷ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥም ትዘምራለች፤ ሳትስቅ አንድ ነገር ተናግራ አትጨርስም።

ማሽኑን አምስተኛ ብዬ አልቆጥረውም። ሰው አይደለም። ይህን ማወቅ ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል ረሳነው።

የምፈራውን ልንገር። በራሱ የሚነሳ ማሽን እፈራለሁ። ይህ ፍርሃት የመጣብኝ በወጣትነቴ ነው። ሳንሱሲ አካባቢ ባለ አንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ልጠግን ሄጄ መብራት ጠፍቶ ነበር። የወፍጮው ሠራተኛ ማብሪያውን ሳይዘጋ፣ «እስኪመጣ ላጽዳው» ብሎ እጁን ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጊያ ውስጥ አስገባ። መብራቱ መጣ። ውጪ የነበሩት ልጆች «መጣ፣ መጣ» እያሉ ሲጨፍሩ፣ ውስጥ ቺንጊያው የሰውየውን እጅጌ ይዞ ዞረ። ማብሪያው ጋ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናውን ሽቦ ሳልነቅል ማሽን ውስጥ እጄን አስገብቼ አላውቅም ነበር። «ነበር» የምለው በምክንያት ነው።

ልጄ ከጓሮ ያለውን ቦታ የጠየቀችኝ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች በሁለተኛው ዓመት ነው። አሮጌ ሞተርና ቱቦ የማከማችበት ቦታ ነበር። ላስቲክ ቤት ልትሠራበት ፈለገች። የምታበቅለው አትክልት አይደለም፤ እንዶድ ነው።

«እንዶድ በየሜዳው፣ በየአጥሩ ላይ የሚበቅል ቅጠል አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«አጥር ላይ ያለው አንዴ ጥሩ፣ አንዴ መጥፎ ነው፣ አባባ። ሳሙና የሚሠሩት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አረፋ የሚሰጥ ይፈልጋሉ። አንድ ዓይነት ከተፈለገ ሙቀቱም፣ ውሃውም፣ የሚለቀምበት ቀንም እኩል መሆን አለበት።»

ነገሩ ገባኝ። እናቶቻችን ነጭ ልብስ ያነጡበት የነበረውን ፍሬ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ዱቄቱን ለሳሙና ሠሪ መሸጥ ነው። ሥራው ንጹሕ መሰለኝ። ቢሆንም እንዶድን ራሱን እፈራዋለሁ። ወንዝ ውስጥ ከገባ ዓሣ ይገድላል፤ ብናኙ አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል። ሰው ቀኑን ሙሉ ሊለቅመው አይችልም አለችኝ። የሚለቅመው ሮቦት ነው።

ቤቱን ስትሠራ አብሬያት ሠራሁ፤ እሱ የደስታ ጊዜ ነበር። ግድግዳው ድርብ ላስቲክ ነው፣ መሐሉ አየር። በሰሜን በኩል ጥቁር የተቀቡ የውሃ በርሜሎች ደረደርን። ቀን ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፤ ማታ እነሱ ቤቱን ያሞቁታል። የኮልፌን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያለ አንድ ሳንቲም መብራት እንዲህ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። እኔ ራሴ በሌላ ሰው ፊት አወራለት ነበር።

ማሽኑ ሲመጣ ግን ዝም አልኩ። ሐዲድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ነው። በላዩ የውሃ ጋን፣ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪና አንድ ረጅም ክንድ አለ። ክንዱ ጫፍ ላይ ካሜራና ትንሽ መቀስ ተገጥሟል። የእንዶድ ፍሬ የሚለቀመው አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ሲቀላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ካሜራው ቀለሙን ይለያል፣ መቀሱ ይቆርጣል፣ ፍሬው ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል።

«መቼ ነው የሚሠራው?» አልኩ።

«ባትሪው ሲሞላ ይነሳል» አለች ልጄ።

«በራሱ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ማን አዞት?»

«ፀሐይ ናት አለቃው፣ ጋሼ» አለች ጓደኛዋ እየሳቀች። «እኛን እንኳ አይሰማም።»

እሷ ቀልዷን ነው። እኔ ግን የዚያ ሰውዬ እጅጌ ታየኝ። «እንግዲያው እኔ ግቢ ውስጥ አይገባም» አልኩ። ልጄ አልተከራከረችም፤ ስቆጣ አትከራከርም። ዝም ብላ ቆማ መሬት ታያለች። ለሁለት ሳምንት ያህል ማሽኑ በሸራ ተሸፍኖ ሰነበተ። በመጨረሻ አንድ ነገር ካሟሉ እፈቅዳለሁ አልኳቸው። ማንም ሰው ከየትም ቦታ ሆኖ በአፉ ሊያስቆመው መቻል አለበት። እጅ የተያዘበት ሰው ቁልፍ ሊጫን አይችልም፤ መጮህ ግን ይችላል።

ጓደኛዋ ይቻላል አለች፤ ማይክ ይገጠምለታል። ግን ብዙ ቃል እንዲያውቅ ከተደረገ ጆሮው ብቻ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ይማር፤ ያችን ቃል እስኪሰማ ድረስ ሌላውን ሁሉ ንቆ ይለፍ።

«ምን ትሁን ቃሉ? ጋሼ ይምረጡ።»

«ቁም» አልኩ። «አጭር ነው። ወፍጮ ቤትም የምንለው ይህንኑ ነው።»

አራታችንም ቃሏን በማይክ ለማሽኑ ቀዳንለት፤ እያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ጊዜ። ባለቤቴ መጀመሪያ እንቢ አለች።

«ለብረት ላወራ ነው? ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል?»

«ጋሼን የሚቆጡ ነው የሚመስላቸው» አለች ጓደኛዋ።

«እሱማ ለምደውታል» ብላ ባለቤቴ ማይኩን ተቀበለች፤ ሃያውንም «ቁም» እኔን እያየች አለችው። ተሳሳቅን።

የልጄ ተራ ሲደርስ፣ «አባባ፣ እስክጨርስ ውጪ ይጠብቁኛል?» አለችኝ። ማይክ አፍራ መስሎኝ ወጣሁ። በላስቲኩ በኩል ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ጎበዝ ድምፅ። ኮራሁባት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ተሠራ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። ፀሐይ ስትወጣ ሌላው ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ልጄ የት እንዳለች ነበር የማየው። ጣቶቿን እቆጥር ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ምሳ ስትበላ ዓይኔ እጇ ላይ ነው። ካርቶን ቆርጬ «ሳይነቀል አትንኩ» ብዬ በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩ። የምፈራው ለእሷ ነበር። ለራሴ መፍራት አለብኝ ብዬ አላሰብኩም፤ ማሽን ለሚያውቅ ሰው ማሽን አይነካውም ብዬ አምን ነበር መሰለኝ። ይህ ትዕቢት ነው። በስሙ ልጥራው ብዬ ነው።

ሁለተኛም ጥፋት አለብኝ። በሩ አጠገብ ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ ነበረ፤ ልጄ ናት የገጠመችው። ከቤቱ ሁሉ ደረቁ ጥግ እሱ ስለነበር፣ የደረቀ እንዶድ የያዙ ጆንያዎች እፊቱ ደረደርኩ። «ቁልፉ ተሸፈነ፣ አባባ» ብላኝ ነበር። «አፍ ያለው ሰው ቁልፍ አያስፈልገውም» አልኳት። ጆንያዎቹ እዚያው ቆዩ።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ሦስት ቀን ሙሉ ደመና ሆነ። ማሽኑ አልተንቀሳቀሰም። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ገባሁ፤ ከሐዲዱ ሥር ያለ ቱቦ ያንጠባጥብ ነበር። ካርቶኔን አልፌ ነው የገባሁት። ሽቦውን አልነቀልኩም። ሦስት ቀን ያልተነሳ ነገር የሞተ ይመስላል። በጎኔ ተኛሁና ቀኝ እጄን ከሐዲዱ ሥር አሳልፌ መጋጠሚያውን መፍታት ጀመርኩ። የጋሪው ጎማ ከእጄ አንድ ክንድ ያህል ይርቃል።

አንገቴን ሞቀኝ። ብርዱ ለቀቀኝ፣ ደስ አለኝ። ደመናው መከፈቱን እንኳ ልብ አላልኩም። ከዚያ ጋሪው ላይ ካለው ሣጥን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ኃይል ወደ ሞተር የሚያሳልፈው ነገር ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሰውነቴ ከጭንቅላቴ በፊት አወቀው።

እጄን ልስብ ስል የካፖርቴ እጅጌ የሐዲዱ ብሎን ላይ ተያዘ። ጋሪው መጣ። ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው፤ ከኤሊ የማይሻል። ወፍጮ ቢሆን ሳላየው ያልቅልኝ ነበር። ይህኛው ግን የሚሆነውን ሁሉ እያሳየ ነው የመጣው። ጎማው መጀመሪያ ትንሿን ጣቴን፣ ቀጥሎ የጎኗን ነካ፤ ከዚያ ወጣባቸው። አንድ ነገር ሲከለክለው ኃይል ይጨምራል። ሐዲዱ ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ እንዳያቆመው ብለው እንደዚያ ነው የሠሩት። ከራሴ በላይ ክንዱ ሥራውን ይሠራል። አረንጓዴውን ይመርጣል፣ የቀላውን ይተዋል፣ ቆርጦ ቅርጫት ውስጥ በዝግታ ያስቀምጣል። ያ ጥንቃቄው እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

ጮህኩ። ቃሉን የመረጥኩት እኔ፣ ሃያ ጊዜ የቀዳሁት እኔ፣ «ኢየሱስ» አልኩ። «ተው» አልኩ። «ኧረ ተው፣ ኧረ ተው» አልኩ። የምትፈለገው ቃል አእምሮዬ ውስጥ አልነበረችም። ጌታ ሰምቶኛል ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ ግን አልሰማኝም።

ልጄ ሮጣ ገባች። በሩ ላይ ቆማ ፊቴን አየች።

«ይቁሙ!» አለች። «አባባ! ይቁሙ! ይቁሙ!»

ጋሪው ገፋ። «ይቁሙ» አለች እንደገና፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወደ ጆንያዎቹ ዞራ አንዱን ሳበች። ጆንያው ተቀደደ። ብናኙ ቦነነ፤ ዓይኗን ያዘች፣ እያስነጠሳት በጭፍን ግድግዳውን ዳበሰች። እኔ በግራ እጄ ቀኙን መጎተት ጀመርኩ። ቆዳዬ ሲላቀቅ ይታወቀኛል፤ ግን አላቆምኩም። ቺንጊያ የያዘው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ይጎትታል፣ የቀረውንም ያጣል።

ባለቤቴ በልጄ ጎን አልፋ ገባች። ማሽኑን አላየችውም፤ ያየችው እኔ እጄን ስቀድደው ነው።

«ቁም!» አለችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ቁም አልኩህ!»

ጋሪው ቆመ። ክንዱ አንድ ዘለላ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። የልጄ ማስነጠስ ብቻ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ ማሽኑ ለምን እንደቆመ አልገባትም። እሷ እኔን ነው ያዘዘችው።

ሐኪሞቹ ሁለቱን ጣቶች ማዳን አልቻሉም። የቀረውን እጄን አዳኑልኝ፤ አመሰግናቸዋለሁ። ባለቤቴ ትንሽ ብትዘገይ እስከ አንጓዬ ይሄድ ነበር ብለውኛል።

በሦስተኛው ቀን የልጄ ጓደኛ ላፕቶፗን ይዛ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ማሽኑ የሰማውን ድምፅ ሁሉ ያስቀምጣል አለች፤ ያልሠራበትን ምክንያት ማወቅ አለባት። እያየች ታነብ ነበር።

«አልታወቀም። አልታወቀም። ይሄ ጋሼ ናቸው። አልታወቀም። ይሄ ደግሞ…» ወደ ልጄ ዞረች። ያን ቀን አልሳቀችም። «ይሄ አንቺ ነሽ። አራት ጊዜ። ምን ብለሽ ነበር?»

ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ስትቀጂ መቶ በመቶ ነበር የሚያውቅሽ።»

«ስቀዳ አባባ ውጪ ነበሩ» አለች ልጄ።

«እና?»

«ፊታቸውን እያየሁ ነበር። "ቁም" ማለት አልወጣልኝም።»

ጓደኛዋ ወደ እኔ አየች፣ ቶሎም ዓይኗን መለሰች። ይህን ነገር ለመረዳት እኔ ደቂቃ አላስፈለገኝም። ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ለምሳ ቤታችን መጥተው ነበር። በረንዳ ላይ እየተጫወተች፣ እሳቸውን የጨዋታው አካል አድርጋ «አንተ እዚህ ጋ ቁም» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጠጠር ላይ አንበርክኬ፣ እንግዳው በልተው እስኪጨርሱ አላስነሳኋትም። ሲሄዱ ጉልበቷ ደምቶ ነበር። ሰው ሁሉ «ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው» አለኝ። ያን ምስጋና ለብዙ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

ልጅ ታላቁን ማክበር አለበት ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ይህን አልቀየርኩም። ግን ክብርና ፍርሃት ከአንድ አፍ ሲወጡ ቃላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «እርስዎ» ነው የሚሉት። ልጄ «እርስዎ» ስትለኝ የትኛው እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የሚመች ስለነበር አልጠየቅኩም። አባት የሆነ ሰው ይህን ካነበበ ልጁን ይጠይቅ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነገሩን ላስተካክል ሞከርኩ፤ እንደ ልማዴ በትእዛዝ።

«ከዛሬ ጀምሮ "አንተ" በይኝ» አልኳት።

«እሺ፣ አባባ።»

«በይ እንግዲህ።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ይተዉኝ» አለች።

ባለቤቴ ከጓዳ፣ «ተዋት አንተ፣ ደግሞ በዚህ ልታስጨንቃት ነው?» አለች። ተውኳት።

ጓደኛዋ ማሽኑ «ይቁሙ»ንም እንዲማር ሐሳብ አቀረበች። ልጄ አልፈለገችም። በቃል የሚቆም ነገር ሁሉ ይነሳ አለች። በሐዲዱ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ዘረጋች፤ የትም ቦታ ቢጎተት ኃይሉ ይቋረጣል። ሰው እጁን ከጎማው ሥር እንዳያስገባ ጎማዎቹን በቆርቆሮ ሸፈነች። ፀሐይ ብቻዋን እንዳታስነሳውም አደረገች፤ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ካልከፈተው አይነሳም። ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ የማውቀውን፣ ግን ያልነገርኳትን ሁሉ በራሷ ደረሰችበት። ጆንያዎቹንም በግራ እጄ አንድ በአንድ አነሳኋቸው፤ አግዙኝ አላልኩም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላስቲኩ ላይ ስትወጣ፣ ልጄ ከመክፈቷ በፊት ወደ ቤት ትመጣለች። እኔ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ወደ እኔ አትገባም፤ ኩሽና በር ላይ ትቆማለች።

«አባባ የት ናቸው?» ትላለች።

«እዚሁ አለ» ትላለች እናቷ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እያየሁት ነው።»

ከዚያ ትሄዳለች፤ ጥቂት ቆይቶ የጋሪው ድምፅ ይሰማል። እጄ በፋሻ እንደተጠቀለለ አንድ ቀን በላስቲክ ቤቱ በር ስንጥቅ አየኋት። ገመዱን ይዛ ቆማለች፤ ጋሪው በሄደ ቁጥር አብራ ትሄዳለች፤ ገመዱን ከጣቷ አትለቅም። ፊቷ ላይ ያየሁት የእኔን ፍርሃት ነው፤ ከወፍጮ ቤት ይዤው የመጣሁትን። በሥራዋ ደስ የሚላት ልጅ ነበረች። ፍሬ ስትመዝን ታንጎራጉር ነበር። አሁን ቅርጫቱ እስኪሞላ ትጠብቃለች፣ ትዘጋለች፣ ሽቦውን ትነቅላለች፣ መነቀሉን ሁለት ጊዜ ታያለች። ትክክል ነው የምታደርገው፤ አንድም የምነቅፈው ነገር የለኝም። አልጋዬ ላይ ተመልሼ ስተኛ ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል። አንድ ቀን እኔን ፍለጋ ዓይኗን ወደ ቤት ስታዞር የራሷ እጅ የት እንዳለ ትረሳ ይሆናል እላለሁ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ብነግራት አንድ ፍርሃት ጨመርኩላት ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ተቀምጠን የከፈልነውን አሰብነው። በብር ያለው ቀላሉ ነው፤ ሆስፒታሉ፣ የተበላሸው ምርት፣ አዲሱ ገመድና ቆርቆሮ ተደምሮ ለአራታችን አንድ መቶ አርባ ስድስት ሺህ ብር ሆኗል። የልጄ ጓደኛ ለሆስፒታሉ ቀሪ ክፍያ ብላ ላፕቶፗን የሸጠችበትም እዚያው ውስጥ አለ። ባለቤቴ እኔን ስታስታምም የብዙ ሌሊት እንቅልፍ ከፍላለች። ልጄ ማንጎራጎሯን። እኔ ሁለት ጣት።